ዝም ያለው ሞደም

«ሠራተኛችን ናት» አለ ወንድሟ፣ ድምፁን እንኳ ዝቅ ሳያደርግ። «ትንሽ ትቆጣለች እንጂ ታማኝ ናት።»

እትዬ ይህን የሰማችው ኩሽና ውስጥ ቆማ፣ በአንድ እጇ የሻይ ማንቆርቆሪያውን በሌላው ክዳኑን እንደያዘች ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር አንድም ቃል ሳይጎድል ደረሳት። ሳሎን ውስጥ፣ ከተገዛ ሁለት ዓመት አልፎት ፕላስቲኩ ገና ባልተገፈፈለት ሶፋ ላይ፣ የሳሙና ፋብሪካ ባለቤት ተቀምጧል፤ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፕላስቲኩ ይንኮሻኮሻል። ይህ ሰው ለወንድሟ ማተሚያ ቤት የሳሙና መጠቅለያ የማተም ሥራ ይሰጣል ተብሎ የሚጠበቅ ትልቅ ደንበኛ ነው። «ጠዋት ብቅ ብዬ አብረን እንሄዳለን» ካለበት ቀን ጀምሮ ቤቱ በእሱ ምክንያት ሲታጠብና ሲወለወል ሰንብቷል። ያጠበችውም የወለወለችውም እትዬ ናት። ስለዚህ ከሩብ ሰዓት በፊት በሩን ከፍታ ባለሳሙናውን ከነጭቃ ጫማው ስታየው፣ «ጫማዎን ጠርገው ይግቡ፣ ወለሉ ገና አልደረቀም» አለችው። ሰውዬው ገንዘብ ካገኘ ወዲህ እንዲህ ብሎ የተናገረው ሰው አልነበረም መሰለኝ፣ ደንግጦ ጠረገ። ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ግን «ይቺ ሴትዮ ማን ናት? ጫማ አስጠረገችኝ እኮ!» ብሎ ጠየቀ፤ ወንድሟ ያን መልስ የሰጠው ያኔ ነው።

«እህቴ ናት» ቢል ምላሱ ላይ ቁስል አይወጣበትም ነበር። እንዲያውም ከ«ሠራተኛችን ናት» ያጥራል፤ ለሥራ የተቻኮለ ሰው ደግሞ አጭሩን ቢመርጥ ነበር የሚያምርበት። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች፤ የጣት ቀለበቷን ማዞር ጀመረች። እትዬ ሻይውን ይዛ ስትገባ ቀለበቱ ገና እየዞረ ነበር። «አንቺ፣ ስኳሩን ወዲህ በይው» አለ ወንድሟ ፊቷን ሳያይ። አፉን ከፈታበት ቀን ጀምሮ «እትዬ» ሲላት የኖረ ሰው ነው፤ ሚስቱም፣ ጎረቤቱም፣ ባለሱቁም እሱን ሰምተው እትዬ ይሏታል፤ ዛሬ ግን ያ ስም ሳሎኑ ውስጥ የት እንደገባ አልታወቀም። ባለሳሙናው ሻይውን ቀምሶ «ጎበዝ» አላት፣ ትምህርት ቤት እንደምትውል ልጅ።

እትዬ ሃያ ስድስት ዓመት የስልክ መሥሪያ ቤት የመስመር መፈተሻ ክፍል ባለሙያ ነበረች። ያን «ሠራተኛችን ናት» ያለውን አፍ ያበላችው በዚያ ሥራ ነው፤ ይህን ግን እሷ አታወራም፣ እሱም አያስታውስም። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ከኩሽናው አጠገብ ባለችው ክፍል ትኖራለች፦ አንድ አልጋ፣ አንድ ሬዲዮ፣ ልብሷን የምትሰቅልበት ሚስማርና መደርደሪያው ላይ አንድ ሰማያዊ ደብተር። መጀመሪያ «እንግዳ ነሽ፣ ተቀመጪ» ተባለች፤ ቀጥሎ «እስቲ ሽንኩርቷን ብቻ» ተባለች፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ምንም አላላትም፣ ሥራው ራሱ እየመጣ እጇ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ቤተሰብ ነው ብላ ሠራች። ዛሬ ግን ስሙ ተነገራት። ማንቆርቆሪያውን ይዛ ወደ ኩሽናው ስትመለስ እንባ አልመጣም፣ ንዴት መጣ። ልቧ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያው ሰውዬ ባለበት፣ ያው አፍ «እህቴ ናት» ሲል መስማት። ሌላ ይቅርታም ካሳም አላማራትም።

ሳሎን ውስጥ ወሬው ቀጠለ። ባለሳሙናው የመጠቅለያውን ንድፍ በየጊዜው በሾፌር እጅ መላክ ሰልችቶታል፤ ከፋብሪካው ቀጥታ በዲጂታል የስልክ መስመር ይላክና እዚያው ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይረፍ ይላል። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሙከራ ይደረጋል፤ ከሠራ ሥራው የወንድሟ ነው፣ ካልሠራ ሌላ ማተሚያ ቤት ሞልቷል። «እኛ ጋ ያለው መሣሪያ ዘመናዊ ነው!» አለ ወንድሟ፣ ደረቱን እየነፋ። ዘመናዊ የተባለው መሣሪያ አራት መብራት ያለው ግራጫ ሞደም ነው። ከአራት ዓመት በፊት፣ ሠራተኛ በሌለበት በአንድ እሑድ፣ እትዬ ሄዳ መስመሩ ላይ አሰናድታው ነበር። ሰኞ ዕለት ወንድሟ ለሠራተኞቹ «ከውጭ ባለሙያ አስመጥተን ነው ያስገጠምነው» ብሎ እንዳወራ ሰምታ ስቃ አልፋዋለች። ዛሬ ያ ሳቅ ቆጫት።

ሁለቱ ሰዎች ተያይዘው ከወጡ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። የወንድሟ ሚስት ኩሽና በር ላይ መጥታ ቆመች። ስታይ፣ ስታይ ቆየችና «ሽንኩርቱን እኔ ልክተፈው እንዴ?» አለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ጠይቃ አታውቅም። ይቅርታ መሆኑ ነው፤ ከእሷ አቅም የሚወጣው ይቅርታ በሽንኩርት ልክ ነው።

«ተይው፣ ሥራዬ ነው» አለች እትዬ።

ሚስቲቱ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። ከዚያ በኋላ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ሁለቱም የማይፈልጉትን ዕቃ ከቦታው ሲያነሡና ወደ ቦታው ሲመልሱ ዋሉ፤ አንዷ ወደ ሳሎን ስትወጣ ሌላዋ ኩሽና የምትሠራው ታገኛለች። ሰባት ሰዓት ሲል ስልኩ ጮኸ።

«እትዬ! እትዬዬ!» ወንድሟ ነው፤ ስሟ ተመልሶ መጣ፣ ያውም እጥፍ ሆኖ። «ጉድ ሆኛለሁ፣ ሞደሙ ሞተ! ለሙከራው እንዲያየው ብዬ ኢንጂነር አስመጥቼ ነበር፣ ነካ ነካ አደረገውና ‘አበቃለት፣ አዲስ ግዙ’ አለኝ።»

«መብራቶቹ ይበራሉ?»

«አራቱም ይበራሉ።»

«መብራት እያበራ ሞተ የሚባል ነገር የለም።»

«በእናታችን አፈር ይዤሻለሁ፣ ቶሎ ድረሺልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰውዬው ይመጣል!»

እትዬ የስልኩን ገመድ ጣቷ ላይ ጠቀለለች። «በሩ ላይ ማን ነሽ ቢሉኝ ምን ልበል?» አለችው።

ከኋላው የማተሚያው ማሽን ሲንኳኳ ይሰማል። «እ… እሱ የላከኝ ነኝ በያ» አለ በመጨረሻ።

ሰማያዊ ደብተሯን አነሣች። ለክፉም ለደጉም የምትለብሰው ቡናማ ካፖርት ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ እሱን ከላይ ደረበች፤ ሽርጧን ግን አልፈታችም። ሠራተኛ ከሆንኩ እንደ ሠራተኛ ልሂድ አለች በሆዷ። የወንድሟ ሚስት በመስኮት ስትወጣ አየቻት፤ የሽርጡ ጫፍ ከካፖርቱ ሥር እንደወጣም አየች፤ መጋረጃውን ለቀቀችው።

ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ዘበኛው «ማን ልበል?» አላት፣ እሷም «እሱ የላከኝ በል» አለችው፤ ዘበኛው ለሠራተኞቹ ምሳ የምታመላልስ ሴት መስላው ወደ ጓሮ በኩል አስገባት። ሞደሙ ያለው ከደረጃው ሥር፣ ድሮ የወረቀት መጋዘን በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ ቀለምና አቧራ ትሸታለች፤ አንድ ጥግ ላይ ያልተፈታ የወረቀት እሽግ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፣ አንዲት ማራገቢያ ደግሞ ያንኑ ሙቅ አየር ከግድግዳ ግድግዳ ታመላልሳለች። ኢንጂነሩ፣ ወንድሟ አጠገቡ ቆሞ፣ የማተሚያ ቤቱን ላፕቶፕ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ደረቱ ላይ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ተንጠልጥሏል፣ ኪሱ ውስጥ አራት እስክሪብቶ አለ፤ በአራቱም ሲጽፍ አልታየም። እትዬን ሲያያት «እማማ፣ ገመዱ እንዳይጠልፍሽ» አላት። ልታጸዳ የመጣች መስላዋለች።

«ምን አደረግክበት?» አለችው ካፖርቷን አውልቃ የወረቀቱ እሽግ ላይ እያስቀመጠች።

ኢንጂነሩ ሽርጡን አየ፣ ወንድሟን አየ። ወንድሟ ጣሪያውን አየ። ሌላ የሚታይ ነገር ስላጣ ኢንጂነሩ መናገር ጀመረ። ይህ ሞደም ሥዕልና ቁልፍ ያለው ገጽ የለውም፤ በአንድ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ይያያዝና በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ ነው የሚሠራው፣ እንዲህ ያለ ኋላ ቀር ነገር ደግሞ ዛሬ ማንም አይጠቀምም። ቢሆንም ከበይነ መረብ ላይ የሌላ ሞደም መመሪያ አግኝቶ አንዷን መስመር እንዳለች ገልብጦ አስገብቷታል። ከዚያ ወዲያ ምን ቢጽፍ እስክሪኑ ላይ አንድ ፊደል አይታይም። «ስለዚህ ሞቷል» አለ፣ ሐኪም ለቤተ ዘመድ እንደሚያረዳ።

እትዬ የገለበጣትን መስመር አሳየኝ አለችው። መነጽሯን አድርጋ አነበበቻትና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከጠዋት ጀምሮ ስትስቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «ምን ብለህ እንዳዘዝከው ታውቃለህ? ‘የምጽፍልህን መልሰህ አታሳየኝ፣ ብጠይቅህም አትመልስልኝ’ ነው ያልከው። ዝም በል ብለኸው ዝም ሲል ሞተ አልክ?»

ኢንጂነሩ ከእስክሪብቶዎቹ አንዱን አውጥቶ መልሶ ከተተው። እትዬ ወንበሩን ተቀበለችውና ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ ሳበች። የዚህ ሞደም ትእዛዝ ሁሉ በሁለት ፊደል ነው የሚጀምረው፤ ኤ እና ቲ፣ «ስማኝ» እንደማለት። ቀጥሎ የሚፈለገው ይጻፋል። እስክሪኑ ጥቁር ስለሆነ የምትጽፈውን ማየት አትችልም፤ ግን ሞደሙ ባያሳይም ይሰማል። ፊደሎቹን በጣቷ እየቆጠረች፣ ዓይኗን ጥቁሩ ላይ ተክላ፣ «ስማኝ፣ መልስ ስጥ፣ የምጽፈውንም አሳየኝ» የሚለውን ትእዛዝ ጽፋ አስገባችው። ለአንድ አፍታ ምንም የለም። ከዚያ ጥቁሩ ላይ ሁለት ፊደል ብቅ አለ፦ ኦኬ።

«ተነሣ!» አለ ወንድሟ፣ ግንባሩን በክራቫቱ እየጠረገ። ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ፤ ኢንጂነሩ ትዝ ሲለው መልሶ ሰበሰበው።

«ገና ነው» አለች። ያለውን አቀማመጥ ሁሉ እንዲዘረዝር አዘዘችው፤ በረድፍ በረድፍ እየወረደ መጣ። ደብተሯን ከፍታ አመሳከረች። ያቺ የተገለበጠች መስመር ብዙ ነገር አበላሽታለች፦ ከወዲያኛው ጫፍ ጋር የሚግባባበት መንገድ ተቀይሯል፣ ስልክ ሲጠራ በመጀመሪያው ጥሪ እንዲያነሣ የተባለው ጠፍቷል፣ የራሱ ቁጥር ያለበት ቦታም ባዶ ነው። በዲጂታል መስመር አንድ ሽቦ ላይ ብዙ ቁጥር ስለሚያድር፣ የዚህ ዓይነቱ ሞደም የራሱ የትኛው እንደሆነ ካልተነገረው ቀኑን ሙሉ ቢጠራ አያነሣም። አንድ በአንድ እየጻፈች መለሰችለት፤ እሱም አንድ በአንድ ኦኬ አላት። ከጠዋት ጀምሮ በሥርዓት ያናገራት እሱ ብቻ ነው። ትእዛዞቹን ደግሞ በደንብ በሚነበብ ጽሕፈት በወረቀት ገልብጣ ጎኑ ላይ ለጠፈችለት።

ባለሳሙናው ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደረሰ። በጠባቧ በር ጎንበስ ብሎ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው ሽርጡ ላይ ነው። «አንተ! ይቺ የጠዋቷ አይደለችም እንዴ?»

እትዬ ጣቷ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቆመ። ዞር አላለችም። ጊዜው ይኸው፣ ሰውዬውም ይኸው፤ አሁን ይለዋል አለች በሆዷ።

«አዎ… እሷ ናት» አለ ወንድሟ። ሳቀ፣ ሳል አከለበት። «እኛ ጋ ሠራተኛ ሁሉ ሥልጠና ይሰጠዋል። እሷንም አሠልጥነናት ነው።»

ኢንጂነሩ፣ እሱን ማን እንዳሠለጠነው ስላልተጠየቀ ደስ ብሎት፣ ራሱን በአክብሮት ነቀነቀ። እትዬ ግን ጆሮዋ ሥር ጋለ። ሃያ ስድስት ዓመት! የእሱ ማሠልጠኛ ኩሽናው ነበር መሰለኝ። አንድ ትእዛዝ ቀርቷታል፤ ያስተካከለችውን ሁሉ ሞደሙ ለዘለቄታው እንዲያስታውስ የሚያደርገው። እሱ ካልተጻፈ መሣሪያው ዛሬ ይሠራል፤ መብራት አንዴ ብልጭ ድርግም ሲል ግን ሁሉንም ረስቶ ቁጭ ይላል፣ ወንድሟም እንደገና «እትዬዬ» ይላል። ጣቷ አመነታ። በስንቱ ቤት በስንቱ መሥሪያ ቤት ያስተካከለችውን መስመር አሰበች፤ አንዱንም ጎዶሎ ትታ ወጥታ አታውቅም። ጻፈችው። ኦኬ አለ።

«ፋብሪካው ይደውል» አለች።

ባለሳሙናው በኪስ ስልኩ ለሰዎቹ ነገራቸው። ሦስተኛው መብራት ብልጭ አለ፣ አራተኛው ተከተለ፣ ሁለቱም ሳያቋርጡ ይብለጨለጩ ጀመር። አራት ደቂቃ አለፈ። ማራገቢያዋ ሥራዋን ትሠራለች። ከዚያ ወንድሟ የመጣውን ንድፍ ከፈተው፤ የሳሙናው መጠቅለያ እስክሪኑን ሞላው፣ በአረፋ መሐል የምትስቅ ሴት ከነጥርሷ። ባለሳሙናው አጨበጨበ። «እኛ ጋ ያለው የዚህ ሞደም ወንድም በሳምንት ሁለቴ ዝም ይላል፣ የሚያናግረው ሰው ጠፍቶ!» አለና ወደ እትዬ ዞረ። «ስንት ዘመን ሠርተውበታል?»

«ሠርተውበታል» ነው ያለው። ጠዋት «ጎበዝ» ያላት ሰውዬ አንቱ አላት። ወንድሟ ይህን ሲሰማ እግሩን ከአንዱ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ሃያ ስድስት ዓመት፣ ስልክ መሥሪያ ቤት» አለች።

«እንዴት ያለ ነገር ነው!» ባለሳሙናው ወንድሟን ትከሻውን ያዘው። «ሥራው ያንተ ነው፣ ጨርሰናል። ግን አንድ ነገር ታደርግልኛለህ፤ ይህችን ሴትዮ ልቀቅልኝ። የመስመር ክፍሉን እሰጣታለሁ፣ ለባለሙያ የሚሆን መኖሪያ ክፍልም አለን። ስንት ነው የምትከፍላት?»

ወንድሟ ስንት እንደሚከፍላት አያውቅም፣ ከፍሎ አያውቅምና። «አይሆንም» አለ። «እንዴት ትሄዳለች… እህቴ እኮ ናት!»

ባለሳሙናው እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ጠዋት ሠራተኛ፣ አሁን እህት? ደህና ሰው ላስወስድ ነው ብለህ ነው አይደል? እኔም ነጋዴ ነኝ ወዳጄ፣ ይቺን አውቃታለሁ!»

«እውነቴን ነው! የእናቴ ልጅ ናት! እትዬ፣ ንገሪው እንጂ!»

ባለሳሙናው ሳቁን ገታ አድርጎ ወደ እሷ ዞረ። «እውነት እህቱ ነዎት?»

ቀኑን ሙሉ የጠበቀችው ቃል መጣ፤ በዚያው አፍ፣ በዚያው ሰውዬ ፊት። ስትሰማው ደስ የሚላት መስሏት ነበር። ቃሉ የመጣው ግን እንዳትሄድበት ሊይዛት ነው፣ ያውም ሽንኩርቱና ወለሉ ትዝ ብሎት። ወንድሟን ደህና አድርጋ አየችው፤ ዓይኑ ትንሽ ልጅ ሳለ ዕቃ ሰብሮ ከጀርባዋ ሲደበቅ የነበረው ዓይን ነው። ያኔ ሁሌም ትደብቀው ነበር።

«ወንድሜ ቢሆን ኖሮ» አለች ቀስ ብላ፣ «ጠዋት ሲጠይቁት ይነግርዎ ነበር።»

«አላልኩህም?» አለ ባለሳሙናው።

«ሰኞ እመጣለሁ» አለችው። «መሣሪያው ያለበት ክፍል ግን ጫማ ተጠርጎ ነው የሚገባው። እርስዎም ቢሆኑ።»

«እጠርጋለሁ» አለ ሰውዬው፣ እየሳቀ ጫማውን አየት አድርጎ።

ወንድሟ «እትዬ…» አለ። ኢንጂነሩ ሞደሙ ጎን ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ጎንበስ ብሎ መገልበጥ ጀመረ፤ አንደኛው እስክሪብቶ በመጨረሻ ሥራ አገኘ። እትዬ ሰማያዊ ደብተሯን ዘጋች፣ ካፖርቷን ከወረቀቱ እሽግ ላይ አነሣች። ከመልበሷ በፊት እጇን ወደ ኋላዋ ሰዳ የሽርጧን ቋጠሮ ፈታች፤ አራት ቦታ አጠፈችው፣ በመዳፏ ዳመጠችው፣ ወንድሟ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ የቤቱ ነው» አለችው።